ርቀቱ አንድ፣ ሰዓቱ ብዙ፦ ስለ ረጅም በረራ ለጠየቃችሁን

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ሁሉም በአንድ ጉዳይ ዙሪያ ናቸው፦ በሁለት ሩቅ ከተሞች መካከል ያለው ርቀትና በረራው የሚፈጀው ጊዜ። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት የመነሻና የመድረሻ ሰዓቶች፣ ቲኬት ላይ እንደሚታተመው፣ በ24 ሰዓት አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ጥያቄ፦ ከለንደን እስከ ኒውዮርክ ያለውን ርቀት በሦስት ቦታ ብፈልግ አንዱ 5,540፣ ሌላው 3,443፣ ሦስተኛው 2,991 አለኝ። የትኛውን ልመን? ራሴስ ላሰላው እችላለሁ?

መልስ፦ ሦስቱም ልክ ናቸው፤ የተለያየው መለኪያቸው ነው። የመጀመሪያው በኪሎ ሜትር፣ ሁለተኛው በተለመደው የመንገድ ማይል፣ ሦስተኛው በኖቲካል ማይል ነው። የመንገድ ማይል 1.609 ኪሎ ሜትር ሲሆን ኖቲካል ማይል ደግሞ በትክክል 1,852 ሜትር ነው። መርከበኞችና አብራሪዎች ኖቲካል ማይልን የመረጡት ከምድር ቅርጽ ስለተወሰደ ነው፤ አንድ ኖቲካል ማይል አንድ ዲግሪ ኬክሮስ ለ60 ሲካፈል የሚገኘው ርዝመት ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ‹‹ማይል›› የሚለውን ቃል ብቻ አይቶ በ1.609 ሲያባዛ ነው። 2,991ን እንዲህ ካባዙት 4,813 ኪሎ ሜትር ይወጣና ከእውነተኛው ርቀት 727 ኪሎ ሜትር ይጎድላል።

ራስዎ ለማስላት የሚያስፈልገው የሁለቱ አውሮፕላን ማረፊያዎች ኬክሮስና ኬንትሮስ፣ እንዲሁም ሳይንና ኮሳይን የሚያወጣ ካልኩሌተር ብቻ ነው። የለንደኑ ሂትሮው በ51.47 ዲግሪ ሰሜንና በ0.45 ዲግሪ ምዕራብ፣ የኒውዮርኩ ጄኤፍኬ በ40.64 ዲግሪ ሰሜንና በ73.78 ዲግሪ ምዕራብ ይገኛሉ። መጀመሪያ የሁለቱን ኬክሮሶች ሳይን እርስ በርስ ያባዙ፤ 0.78228 በ0.65130፣ 0.50950 ይሆናል። ቀጥሎ የሁለቱን ኬክሮሶች ኮሳይን አባዝተው ውጤቱን በኬንትሮሶቹ ልዩነት ኮሳይን ያባዙት፤ ልዩነቱ 73.33 ዲግሪ ስለሆነ 0.62293 በ0.75882 በ0.28686፣ 0.13560 ይመጣል። ሁለቱን ሲደምሩ 0.64510 ያገኛሉ። ኮሳይኑ ይህ የሆነው ማዕዘን 49.83 ዲግሪ ገደማ ነው። በምድር ገጽ ላይ አንድ ዲግሪ 111.19 ኪሎ ሜትር ስለሚሸፍን፣ ሲያባዙት 5,540 ኪሎ ሜትር ይሆናል።

ስሌቱ ቀላል ነው፤ የሚበላሸው ቁጥር ሲገባ ነው። አንደኛው ስሕተት ዲግሪና ደቂቃን እንደ ነጥብ ቁጥር መጻፍ ነው። የጄኤፍኬ ኬክሮስ 40 ዲግሪ ከ38 ደቂቃ ተብሎ ቢሰጥዎ 40.38 አይደለም፤ 38 ለ60 ተካፍሎ 40.63 ነው። በዚህ ብቻ ቦታው 28 ኪሎ ሜትር ያህል ይዛነፋል። ሁለተኛው የመቀነስ ምልክት መርሳት ነው፤ ከምድር ወገብ በስተ ደቡብ ላለ ከተማ ኬክሮሱ፣ ከግሪንዊች በስተ ምዕራብ ላለ ደግሞ ኬንትሮሱ የመቀነስ ምልክት ይቀድመዋል። የሲድኒ ምልክት ከተረሳ ከተማዋ ከጃፓን በስተ ምሥራቅ ውቅያኖስ መካከል ትገባለች። ሦስተኛው በኮምፒውተር ሠንጠረዥ ለሚያሰሉ ነው፤ ሠንጠረዡ ማዕዘንን የሚያነበው ራዲያን በሚባል ሌላ የማዕዘን መለኪያ ስለሆነ እያንዳንዱን ዲግሪ አስቀድመው በ0.0174533 ያባዙት። ይህን የዘለለ ሰው ትክክል የሚመስል፣ ግን ፈጽሞ የተሳሳተ ቁጥር ያገኛል።

ሁለት ምንጮች በጥቂት አሥር ኪሎ ሜትሮች ቢለያዩ አይጨነቁ። ምድር ፍጹም ሉል አይደለችም፤ በምድር ወገብ በኩል ራዲየሷ 6,378፣ በዋልታዎቹ በኩል 6,357 ኪሎ ሜትር ነው። ሉል ናት ብሎ ማስላት እስከ ግማሽ በመቶ ያሳስታል። በዚያ ላይ አንዱ ከመሀል ከተማ፣ ሌላው ከአውሮፕላን ማረፊያው ይለካል፤ የቶኪዮ ናሪታ ማረፊያ ለምሳሌ ከመሀል ከተማው 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል።

ጥያቄ፦ ኒውዮርክና ማድሪድ በካርታው ላይ ትይዩ ናቸው። በአውሮፕላኑ ስክሪን ላይ የሚታየው መስመር ግን ወደ ሰሜን ጎብጦ ነው የሚሄደው። በቀጥታ መሄድ ሲቻል ለምን ይዞራሉ?

መልስ፦ የጎበጠው መስመር ነው ቀጥተኛው። ቤትዎ ሉል ካለ ክር ይውሰዱና አንዱን ጫፍ ኒውዮርክ ላይ፣ ሌላውን ማድሪድ ላይ ይዘው ይወጥሩት። ክሩ ራሱ ወደ ሰሜን ሸሽቶ ይቆማል፤ በሉል ላይ አጭሩ መንገድ እሱ ነውና። ሁለቱ ከተሞች ወደ 40.5 ዲግሪ ሰሜን ገደማ ናቸው። ያንን ኬክሮስ ሳይለቁ ቢበር ጉዞው 5,940 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ በክሩ መስመር ግን 5,765 ነው። አውሮፕላኑ መንገዱ መሀል ላይ እስከ 46 ዲግሪ ድረስ ወጥቶ መልሶ ይወርዳል፤ ወጣ ብሎ መውረዱ 175 ኪሎ ሜትር ያተርፍለታል።

ዓይናችንን ያሳተው ካርታው ነው። ካርታ ሠሪው መርኬተር በፈረንጆቹ 1569 ያወጣው ካርታ ለመርከበኞች ነበር፤ በኮምፓስ አንድ አቅጣጫ ይዞ የሚጓዝ መርከብ መንገዱ ቀጥ ያለ መስመር ሆኖ እንዲታይለት። ለዚህ ሲባል ወደ ዋልታዎቹ የቀረበው መሬት ሁሉ ተለጥጧል። አፍሪካ ከግሪንላንድ 14 ጊዜ ያህል ብትበልጥም በዚያ ካርታ ላይ የሚስተካከሉ ይመስላሉ። ከምድር ወገብ እየራቁ በሄዱ ቁጥርና ጉዞው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ በረዘመ ቁጥር ጉብጠቱ ይበረታል፤ ከቶኪዮ ወደ ኒውዮርክ የሚወስደው አጭር መንገድ በአላስካ በኩል ያልፋል። በደቡቡ ንፍቀ ክበብ ደግሞ መስመሩ ወደ ደቡብ ይጎብጣል፤ ከጆሃንስበርግ ወደ ሲድኒ ሲሄዱ ወደ አንታርክቲካ አቅጣጫ ነው የሚወርዱት።

ጥያቄ፦ ከለንደን ወደ ኒውዮርክ ስንሄድ 8 ሰዓት፣ ስንመለስ 7 ሰዓት ይላል። መንገዱ ያው አይደለም ወይ?

መልስ፦ መንገዱ ያው ነው፤ አየሩ ግን አይቆምም። ትልልቅ አውሮፕላኖች በሚበሩበት ከ9 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ፣ ጄት ስትሪም የሚባል ጠባብና ፈጣን የነፋስ ጅረት ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይፈሳል። የሚወለደው በሐሩር ክልልና በዋልታ አየር የሙቀት ልዩነት ነው፤ ስለዚህ ልዩነቱ በሚሰፋበት በብርዱ ወቅት ይበረታል። እምብርቱ በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር ማለፉ የተለመደ ነው።

አሁን ስሌቱን በቅርብ እንየው። አውሮፕላኑ በዙሪያው ካለው አየር አንጻር በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ይበራል እንበል፤ በመንገዱ ሁሉ ያለው አማካይ ነፋስ ደግሞ 100 ኪሎ ሜትር ይሁን። ወደ ምሥራቅ ሲበር ነፋሱ ከኋላ ስለሚገፋው ከመሬት አንጻር 1,000 ይሆናል፤ 5,540 ኪሎ ሜትሩን በ5 ሰዓት ከ32 ደቂቃ ይጨርሳል። ወደ ምዕራብ ሲሄድ ፍጥነቱ ወደ 800 ይወርድና 6 ሰዓት ከ55 ደቂቃ ይፈጅበታል። ብዙዎች የማያስተውሉት ነገር እዚህ ላይ አለ፦ ደርሶ መልሱ ሲደመር 12 ሰዓት ከ28 ደቂቃ ገደማ ነው፤ ነፋስ ባይኖር ግን 12 ሰዓት ከ19 ደቂቃ ይሆን ነበር። ወደ ምሥራቅ ሲበር የተገኘው ወደ ምዕራብ ሲበር ከጠፋው ጋር አይካካስም፤ ምክንያቱም አውሮፕላኑ በተቃራኒው ነፋስ ውስጥ የሚቆየው ረዘም ላለ ጊዜ ነው።

በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 2020፣ አንድ የብሪቲሽ ኤርዌይስ ቦይንግ 747 በብርቱ ጄት ስትሪም ተገፍቶ ከኒውዮርክ ለንደን በ4 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ገብቷል። ከመሬት አንጻር የነበረው ፍጥነት በሰዓት ከ1,200 ኪሎ ሜትር በልጦ ነበር፤ የድምፅን ፍጥነት ግን አልጣሰም፤ የድምፅ ፍጥነት የሚለካው ከአየሩ አንጻር ነውና።

በደቡቡም ንፍቀ ክበብ ነፋሱ ከምዕራብ ነው የሚመጣው። ከጆሃንስበርግ ወደ ሲድኒ ያለው 11,000 ኪሎ ሜትር ያህል 12 ሰዓት ገደማ ሲፈጅ፣ ከሲድኒ ወደ ጆሃንስበርግ ግን ወደ 14 ሰዓት ይጠጋል። ከሰሜን ወደ ደቡብ በሚዘረጋ መስመር ላይ ነፋሱ የሚመጣው በጎን ስለሆነ በመሄድና በመመለስ መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ነው።

ጥያቄ፦ ልዩነቱን የምታመጣው የምድር መሽከርከር ናት ይላሉ። እውነት ነው?

መልስ፦ በዚህ መልኩ አይደለም። ምድር በምድር ወገብ ላይ በሰዓት 1,670 ኪሎ ሜትር ያህል ትሽከረከራለች፤ ነገር ግን አየሩም፣ ቆሞ የሚጠብቀው አውሮፕላንም አብረዋት ይዞራሉ። ከተነሣ በኋላ ምድር ከሥሩ ሸሽታ ብትሄድ ኖሮ ወደ ምዕራብ የሚበረው ነበር የሚፈጥነው፤ የሚሆነው ግን ተቃራኒው ነው። የምድር መሽከርከር ድርሻ በተዘዋዋሪ ነው፦ ከሐሩር ክልል ወደ ዋልታ የሚሄደውን አየር ወደ ምሥራቅ እያጠመዘዘ ጄት ስትሪምን ትሠራለች።

ጥያቄ፦ ቲኬቴ ላይ ከቶኪዮ ሰኞ 17:00 ተነሥቼ ሎስ አንጀለስ ሰኞ 10:00 እንደምደርስ ተጽፏል። ከመነሣቴ በፊት እንዴት እደርሳለሁ? ስሕተት ካለው ላሳርመው?

መልስ፦ ስሕተት የለውም። ቲኬት ላይ ያለ ሰዓት ሁሉ የዚያው ከተማ ሰዓት ነው፤ መነሻው በቶኪዮ፣ መድረሻው በሎስ አንጀለስ አቆጣጠር። ስለዚህ አንዱን ከሌላው በቀጥታ መቀነስ አይቻልም። ትክክለኛው ዘዴ ሁለቱንም ወደ ዓለም አቀፉ ሰዓት፣ ዩቲሲ ወደሚባለው፣ መመለስ ነው። ቶኪዮ ከዩቲሲ 9 ሰዓት ስለምትቀድም 17:00 ላይ 9 ቀንሰው 08:00 ያገኛሉ። ሎስ አንጀለስ በብርዱ ወቅት (ከኖቬምበር እስከ ማርች) ከዩቲሲ 8 ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነች 10:00 ላይ 8 ጨምረው 18:00 ያገኛሉ። ከ08:00 እስከ 18:00 ድረስ 10 ሰዓት ነው፤ የበረራዎ ርዝመት እሱ ነው።

ሲመለሱ የሚያዩት ደግሞ ሌላ ነው። ሎስ አንጀለስን ሰኞ 11:00 ለቀው ቶኪዮ ማክሰኞ 15:45 ይደርሳሉ። በሰዓትዎ ላይ 28 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ያለፈ ይመስላል፤ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን 17 ሰዓት ሲቀንሱ ግን በረራው 11 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ነው። የቀን መለወጫ መስመር በፓስፊክ መሀል ስለሚያልፍ፣ ወደ ምሥራቅ ሲሻገሩት ቀን ይደገምልዎታል፣ ወደ ምዕራብ ሲሻገሩት ቀን ይዘለልዎታል።

በተግባር ሰው የሚጎዳው ከመድረሻው ሰዓት ጎን በትንሹ የምትጻፈውን የመደመር ምልክትና 1 ቁጥር ሳያይ ሲቀር ነው። በማግስቱ ይደርሳሉ ማለት ነው፤ ማረፊያ ክፍልም ሆነ ቀጣዩ በረራ የሚያዘው ለዚያ ቀን ነው። ወደ ምሥራቅ ፓስፊክን የሚሻገር ሰው ደግሞ በተቃራኒው አንድ ቀን አዘግይቶ ይይዝና ደርሶ ሌሊቱን ማደሪያ ያጣል።

ሁለት ነገር ደግሞ ልብ ይበሉ። የሰዓት ልዩነት ሁልጊዜ ሙሉ ሰዓት አይደለም፤ ሕንድ ከዩቲሲ በ5 ሰዓት ተኩል፣ ኔፓል በ5 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይቀድማሉ። ሌላው፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት የሚያዛውሩ አገሮች በአንድ ቀን አያዛውሩም። አሜሪካ በማርች ሁለተኛ እሑድ፣ አውሮፓ በማርች መጨረሻ እሑድ ወደፊት ይገፋሉ። በመካከል ባሉት ሁለት ወይም ሦስት ሳምንታት በለንደንና በኒውዮርክ መካከል ያለው ልዩነት 5 ሳይሆን 4 ሰዓት ነው። በእነዚያ ሳምንታት የሚጓዝ ሰው የለመደውን ቁጥር ይዞ ባያሰላ ይሻለዋል።

ጥያቄ፦ አብራሪው ‹‹የበረራችን ጊዜ 6 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ነው›› አለ፤ ቲኬቱ ግን 7 ሰዓት ይላል። ቀሪው 40 ደቂቃ የት ገባ?

መልስ፦ አብራሪው የነገራችሁ ጎማው መሬት ከለቀቀበት እስከሚያርፍበት ያለውን ነው። ቲኬቱ ግን አውሮፕላኑ ከበሩ ወደ ኋላ ከተገፋበት ደቂቃ ጀምሮ በመድረሻው በር እስከሚቆም ድረስ ይቆጥራል። በትልልቅ ማረፊያዎች ወደ መንደርደሪያው ለመድረስና ወረፋ ለመጠበቅ ከ15 እስከ 25 ደቂቃ፣ ካረፉ በኋላ በር እስኪደርሱ ደግሞ ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ይሄዳል። አየር መንገዶች በዚያ ላይ ለመጨናነቅና ለነፋስ መለዋወጥ ትንሽ መጠባበቂያ ይጨምራሉ፤ በዘርፉ ከተቀጠረለት ሰዓት በ15 ደቂቃ ውስጥ የገባ በረራ በሰዓቱ እንደደረሰ ይቆጠራልና። ቀድመው ደርሰው ‹‹በሩ አልተለቀቀም›› ተብለው የሚጠብቁትም በዚህ ምክንያት ነው።

በአየር ላይም ቢሆን ሙሉው መንገድ በ900 አይሄድም። ሙሉ ከፍታው ላይ ለመውጣት 20 ደቂቃ ያህል ይፈልጋል፤ መውረድ የሚጀምረው መድረሻው ገና 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀረው ነው፤ በብዙ አገሮች ከ3,048 ሜትር በታች በሰዓት ከ463 ኪሎ ሜትር በላይ መብረር አይፈቀድም።

ስለዚህ ቲኬት ላይ የሚጻፈውን ሰዓት ለመገመት፣ ርቀቱን በኪሎ ሜትር ለ900 አካፍለው 1 ሰዓት ይጨምሩ። ረጅም የምሥራቅና የምዕራብ መስመር ከሆነ ወደ ምሥራቅ ሲሄዱ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ይቀንሱ፣ ወደ ምዕራብ ሲሄዱ ያንኑ ይጨምሩ። ቶኪዮና ሎስ አንጀለስ 8,800 ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ፤ ስሌቱ 10 ሰዓት ከ47 ደቂቃ ይሰጣል፤ ከላይ ካየናቸው 10 ሰዓትና 11 ሰዓት ከ45 ደቂቃ መካከል ይገባል። በአጭር መስመር ለሚሠሩት እንደ ቦይንግ 737 ላሉት በ830 ማካፈል ይሻላል፤ እነሱ ዘገም ይላሉ።

ጥያቄ፦ ከሄልሲንኪ ወደ ቶኪዮ ቀድሞ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ነበር፤ አሁን 13 ሰዓት ይላል። ርቀቱ ጨመረ?

መልስ፦ በከተሞቹ መካከል ያለው ርቀት ያው 7,800 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከ2022 ጀምሮ የሩሲያ የአየር ክልል ለአውሮፓ ኅብረት አየር መንገዶች ስለተዘጋ ግን አጭሩ መንገድ አይገኝም። አውሮፕላኑ ወይ በሰሜን ዋልታ በኩል ወጥቶ በአላስካ ዞሮ፣ ወይም በደቡብ በመካከለኛው እስያ አድርጎ ይሄዳል። ርቀት የሚያሰሉ ገጾች ግን የተዘጋ ሰማይን አያውቁም፤ ከነሱ የሚያገኙት የክሩን መስመር ብቻ ነው። ሁለት ሞተር ያለው አውሮፕላንም አንዱ ሞተር ቢጠፋ በተፈቀደለት ደቂቃ ውስጥ ሊያርፍበት ከሚችል ማረፊያ መራቅ አይፈቀድለትም፤ ይህም በውቅያኖስና በዋልታ አካባቢ መስመሩን ሊያስቀይረው ይችላል።

ጥያቄ፦ አውሮፕላን ሳያርፍ እስከ ምን ያህል ይሄዳል? የዓለምን ግማሽ መሄድ አይችልም?

መልስ፦ በምድር ላይ ሁለት ቦታዎች ሊራራቁ የሚችሉት ቢበዛ 20,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በመደበኛ የመንገደኞች አገልግሎት ረጅሙ መስመር በሲንጋፖርና በኒውዮርክ መካከል ያለው ነው፤ ከ15,300 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ወደ 18 ሰዓት ከ45 ደቂቃ። የሚበርበት ኤርባስ ኤ350-900 ዩኤልአር 165,000 ሊትር ነዳጅ ይይዛል፤ መቀመጫዎቹም 161 ብቻ ናቸው። ወንበሩ ያነሰበት ምክንያት ክብደት ነው፦ በመጨረሻዎቹ ሰዓታት የሚነደውን ነዳጅ ከመነሻው ተሸክሞ መብረር ራሱ ነዳጅ ይበላል። እንዲህ ባለ ርቀት ላይ ነፋሱ ከተገመተው በላይ ከበረታ አየር መንገዱ ጭነት ሊቀንስ ይችላል።

ጥያቄ፦ ከለንደን ወደ ሲድኒ በሲንጋፖር በኩልና በሎስ አንጀለስ በኩል የሚሄዱ ሁለት ቲኬቶች ቀርበውልኛል። የትኛው ይሻላል?

መልስ፦ በሲንጋፖር በኩል ያለው። ለንደንና ሲድኒ በአጭሩ መስመር 17,000 ኪሎ ሜትር ይራራቃሉ። በሲንጋፖር ሲሄዱ 10,880 እና 6,300፣ በድምሩ 17,180 ይሆናል፤ መዞሩ ከቁጥር አይገባም። በሎስ አንጀለስ 8,760 እና 12,050፣ በድምሩ 20,810 ነው፤ በአየር ላይ ብቻ ከ4 ሰዓት በላይ ይጨምራል። በዚያ ላይ አሜሪካ ለትራንዚት ብቻ የሚያልፍን ሰው ጭምር በኢሚግሬሽን ስለምታሳልፍ ለመንገደኛው አስፈላጊው ፈቃድ መኖሩን አስቀድሞ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

የትኛውንም ሲመርጡ ሁለቱ በረራዎች በአንድ ቲኬት ላይ መሆናቸውን ያረጋግጡ። በአንድ ቲኬት ከሆነ የመጀመሪያው ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጥዎ አየር መንገዱ በሌላ በረራ ያሳፍርዎታል፤ ለየብቻ ከተገዙ ግን ያመለጠው የእርስዎ ኪሳራ ነው፤ ሻንጣዎንም አውጥተው እንደ አዲስ ማስረከብ ሊኖርብዎ ይችላል። ‹‹ቀጥታ›› የሚል ቃል ካዩ ደግሞ የማረፊያ ብዛት የሚለውን ሳጥን ይመልከቱ፤ በአንድ የበረራ ቁጥር ሄዶ መሀል ላይ አንድ ጊዜ የሚያርፍ በረራም በእንግሊዝኛው ቀጥታ ይባላል። ፈጽሞ የማያርፈው ሳጥኑ ውስጥ 0 የተጻፈበት ነው።